አምነው ከፈሉ፤ ተጠራጥረው መጡ!

ሞዴል 19 ሳይቆረጥ ዕቃ ግምጃ ቤት አይገባም፤ ሞዴል 22 ሳይፈረም አንዲት ብሎን አትወጣም። እኔ ያረጀሁት በዚህ ሕግ ነው። አዲስ አበባ ሳለሁ በአንድ መሥሪያ ቤት ንብረት ክፍል አሥራ አንድ ዓመት ስሠራ፣ ኦዲተር መጣ ሲባል የሚንቀጠቀጥም፣ «ሻይ ልጋብዝዎ» እያለ የሚሽቆጠቆጥም አይቻለሁ። እኔ ሁለቱንም አላደረግሁም። ወረቀቴን ጠረጴዛ ላይ ዘርግፌ «ይኸው» ማለት ነበር ሥራዬ። ሞዴሉ የሚቆረጠው ደግሞ ዕቃው በገባበት ዕለት ነው። ወር ከቆየ በኋላ የሚቆረጥ ሞዴል የጥርጣሬ ምንጭ እንጂ ማስረጃ አይሆንም።

ታዲያ ይህን ሁሉ እያወቅሁ፣ አሜሪካን አገር መጥቼ፣ በስተርጅና፣ አንድ ወረቀት ጠፋ ተብሎ 18 ሺህ ዶላር ስንመልስ ቆሜ አየሁ። ገንዘቡ የእኔ አይደለም፤ የተቀጠርኩበት ክሊኒክ ነው። እፍረቱ ግን ለእኔም ይደርሰኛልና ልናገር።

ክሊኒኳ ያለችው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። አንዲት ሐኪም፣ አንዲት ነርስ፣ ስልክ የምታነሳ ልጅ፣ እኔ ደግሞ ሂሳብና ፋይል ያዥ። ሐኪሟም እኛም የአንድ አገር ልጆች ነን። በሽተኞቻችን ታክሲ ነጂው፣ የመኪና ማቆሚያ ሠራተኛው፣ ልጆቻቸው ከአገር ቤት ያስመጧቸው እናትና አባቶች ናቸው። ሕመሙን በአማርኛ መናገር የሚፈልግ ሁሉ እኛ ዘንድ ይመጣል።

የነገሩ መነሻ ይህ ነው። ፕሬዚዳንት ኦባማ እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 17 ቀን 2009 በፈረሙት የኢኮኖሚ ማነቃቂያ ሕግ ውስጥ «ሃይቴክ» የሚባል ክፍል ነበረበት። ሐኪሞች የሕሙማንን ካርድ በወረቀት መያዛቸውን ትተው ወደ ኮምፒዩተር እንዲያዞሩ መንግሥት ገንዘብ እየሰጠ ያበረታታል ተባለ። ከ2011 ጀምሮ፣ በዋናነት የአረጋውያን መድን በሆነው በሜዲኬር በኩል ለአንድ ሐኪም በአምስት ዓመት እስከ 44 ሺህ ዶላር፣ የድሆች መድን በሆነው በሜዲኬይድ በኩል ደግሞ በስድስት ዓመት እስከ 63,750 ዶላር። ከሁለቱ አንዱን መርጠህ ነው። በሜዲኬር በኩል በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ለገባ ሐኪም የመጀመሪያው ክፍያ 18 ሺህ ነበር።

ኮምፒዩተር ገዝቶ ጥልፍ ማልበስ አይበቃም ታዲያ! ትርጉም ባለው መንገድ ሠርተህበት ማሳየት አለብህ። በመጀመሪያው ደረጃ 15 ግዴታዎች አሉ፤ ከሌሎች አሥር ደግሞ አምስት ትመርጣለህ። ከመድኃኒት ማዘዣዎችህ ከ40 በመቶ በላይ በኤሌክትሮኒክ ወደ ፋርማሲ ይሂድ፤ ዕድሜያቸው 13 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆኑት በሽተኞችህ ከግማሽ በላይ ለሚሆኑት ሲጋራ ማጨስ አለማጨሳቸውን መዝግብ፤ የሚመርጡትን ቋንቋ፣ ዘራቸውን መዝግብ... ይቀጥላል። በነገራችን ላይ ይህች የዘር ጥያቄ ጉድ አሳይታናለች። አንድ አዛውንት ቅጹን ሲያዩ «ቀበሌ መታወቂያ ላይ ብሔር ሙላ እያሉ ያሳደዱኝ እዚህም ደረሱብኝ?» ብለው ብዕሩን ወርውረው ተነሱ። የቅጹ ጥያቄ ሂስፓኒክ ነዎት ወይስ አይደሉም የሚል መሆኑን ለማስረዳት ግማሽ ሰዓት ፈጀብን።

እኛ የመረጥነው ጊዜ ከኦክቶበር 3 እስከ ዲሴምበር 31 ቀን 2012 ያለውን 90 ቀን ነው። ነርሷ ማታ ማታ እያመሸች ሠራች። ዶክተር ቅዳሜን ሰጡ። ቁጥሩ ሞላ። በጃንዋሪ 2013 ዶክተር ከኮምፒዩተር ፊት ተቀምጠው በመንግሥቱ ገጽ ላይ ቁጥሮቹን ሞሉ፤ «አዎ» የሚለውን «አዎ» አሉ፤ የሞላሁት እውነት ነው ብለው ፈረሙ። ሰዓትም አልፈጀ።

«ዶክተር፣ ወረቀቱንስ የት ነው የምናያይዘው?» አልኳቸው።

«ጋሼ፣ ወረቀት አልጠየቁም እኮ! አሜሪካ ነው ያሉት» ብለው ሳቁብኝ።

እኔ ግን አመሌ አልለቀቀኝም። ያን ዕለት ሶፍትዌሩ ያወጣውን የቁጥር ሪፖርት አትሜ፣ ቀን ጽፌበት፣ ቦክስ ፋይል ውስጥ ከተትኩት። ከሳምንታት በኋላ 18 ሺህ ዶላሩ ባንክ ገባ። ዶክተር ለነርሷ ጉርሻ ሰጡ፤ የቀረው ለሶፍትዌሩ ዕዳ ሄደ።

2014 መጣ። አንድ ቀን ስልክ ተደወለ። ቀድሞ እኛ ዘንድ ስልክ ታነሳ የነበረችው ልጅ ናት፤ አግብታ አትላንታ ከገባች ቆይታለች። «ጋሼ፣ በኢሜይሌ የክሊኒኩ ስም ያለበት ነገር መጥቷል። ቫይረስ መስሎኝ ልሰርዘው ነበር» አለችኝ። ለካስ ሲመዘገቡ የተሰጠው ኢሜይል የእሷ ኖሯል! መንግሥት ደግሞ የኦዲት ደብዳቤውን የሚልከው በተመዘገበው ኢሜይል ነው። ለመልስ የተሰጠን ሁለት ሳምንት ነው። ዘጠኙ ቀን በአትላንታ በኩል አልፏል።

ደብዳቤው ስድብ የለበት፣ ዛቻ የለበት። ሶፍትዌሩ የመንግሥት ማረጋገጫ ያለው ለመሆኑ ውሉንና ደረሰኙን ከነስሪት ቁጥሩ አምጡ፤ የሞላችሁትን እያንዳንዱን ቁጥር የሚደግፍ፣ የሐኪሙ ስምና ጊዜው ያለበት ሪፖርት አምጡ፤ «አዎ» ያላችሁትን ደግሞ በዚያው ጊዜ ውስጥ እንደነበረ አሳዩ። ለምሳሌ ሁለት የማይስማሙ መድኃኒቶች ሲታዘዙ ኮምፒዩተሩ ማስጠንቀቂያ እንዲሰጥ መከፈቱን የሚያሳይ፣ ቀን ያለበት የኮምፒዩተሩ ገጽ ፎቶ። በመጨረሻም የሕሙማን መረጃ ደኅንነት የሥጋት ግምገማ፤ በጽሑፍ፣ የ90 ቀኑ ጊዜ ከማብቃቱ በፊት የተሠራ።

ስልክ ደውለን አንድ ሳምንት ለመንን፤ ሰጡን። ይህን አልክድም።

መጀመሪያ ያደረግነው ሪፖርቱን ከሶፍትዌሩ እንደገና ማውጣት ነበር። ወጣ፤ ግን ቁጥሩ ሌላ ነው! ያው ሐኪም፣ ያው 90 ቀን፣ ያው በሽተኛ፣ ሌላ ቁጥር። በመሐል ሶፍትዌሩ ሁለት ጊዜ ታድሷል፤ አቆጣጠሩ ተለውጧል። የዶክተር ፊት አመድ ለበሰ። ያኔ ነው ቦክስ ፋይሌን ያወጣሁት። በፈረሙበት ዕለት የታተመው ሪፖርት ከነቀኑ አለ፤ ከሞሉት ጋር አንድ ነው። «ጋሼ፣ ዛሬ ነው የገባኝ» አሉኝ። ውሉና ደረሰኙም ተገኘ። የማስጠንቀቂያው ገጽ ፎቶም ነርሷ ለሥልጠና ብላ ካስቀረችው መሐል ወጣ። ሁሉም በዕድል!

የሥጋት ግምገማው ግን የለም።

ለምን የለም? ሶፍትዌሩን የሸጠልን ሰውዬ «ማረጋገጫ ያለው ዕቃ ነው፤ የደኅንነቱ ነገር በእኛ በኩል አልቋል» ብሎን ነበር። እኛም አመንን። ሕጉ ግን እንደዚያ አይልም። ሶፍትዌሩ የቱንም ያህል የተቆለፈ ቢሆን፣ ቁልፉ ማን እጅ ነው፣ ላፕቶፑ ቤት ይሄዳል ወይ፣ የለቀቀ ሠራተኛ የይለፍ ቃል ተዘግቷል ወይ፣ ቢሰረቅስ ምን ይሆናል ብሎ መርምሮ በጽሑፍ ማኖር የክሊኒኩ ግዴታ ነው። የአትላንታዋ ልጅ ኢሜይል ብቻውን የእኛን ግምገማ ጽፎልን ነበር፤ ያነበበው የለም እንጂ።

ያን ማታ አንድ የእኛው አገር ሰው፣ ክሊኒኮችን «ለኦዲት የሚያዘጋጅ» ነኝ የሚል፣ ቢሮ መጣ። ባለ ብዙ ገጽ ቅጽ አወጣ። «ይህን ሞልቶ ዲሴምበር 2012 ብሎ መፈረም ነው፤ ማን ያውቃል? ሁሉም የሚያደርገው ነው» አለ። ዶክተር ዝም አሉ። እኔም ዝም አልኩ። ውሸት ልበል? ለአፍታ አጓጉቶኛል። 18 ሺህ ዶላር ለትልቅ ሆስፒታል የቡና ወጪ ነው፤ ለእኛ የነርሷ የወራት ደመወዝ ነው። በማግስቱ ዶክተር በጠዋት ገብተው «ጋሼ፣ ያን ሰው ሁለተኛ እንዳላየው» አሉኝ። እሳቸው ባይሉ እኔ እል ነበር ብዬ ራሴን አጽናናለሁ።

በዚያው ሰሞን ነው ቴክሳስ ውስጥ የአንድ ሆስፒታል የፋይናንስ ኃላፊ የነበረ ሰው ለዚሁ ማበረታቻ ሐሰት ሞልቷል ተብሎ የተከሰሰው። ጥፋቱን አምኖ እ.ኤ.አ. በ2015 የ23 ወር እስራት ተፈርዶበታል፤ ከ4 ሚሊዮን ዶላር በላይም እንዲመልስ ታዟል። «ማን ያውቃል» ለሚሉ ጓዶች ይድረስልኝ!

እኛ የነበረን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የእኔ ደብተር። እንደ ልማዴ ኅዳር 12 ቀን 2005 ዓ.ም. ገጽ ሙሉ ጽፌአለሁ፦ የበር ቁልፍ ሁለት፣ አንዱ ዶክተር ጋ አንዱ እኔ ጋ፤ የፋይል ክፍሉ መቆለፊያ ተቀየረ፤ ላፕቶፕ አንድ፣ ማታ መሳቢያ ውስጥ፤ የጽዳት ሠራተኛዋ ማክሰኞና ዓርብ፣ ሰው ሳይኖር እንዳትገባ። በአማርኛ! በእኛ ዘመን አቆጣጠር! አስተርጉመን፣ 2005 ማለት እነሱ ዘንድ 2012 መሆኑን በአባሪ አስረድተን ላክን። ሳስበው እስካሁን ያስቀኛል፤ ኦዲተሩ ጠረጴዛ ላይ «ኅዳር ሚካኤል» ተብሎ የተጻፈበት ገጽ!

መልሱ ጨዋ ነበር። የቁልፍ ዝርዝር የሥጋት ግምገማ አይደለም፤ ሥጋቱ ምን እንደሆነ፣ ምን ያህል ሊደርስ እንደሚችል፣ ምን እንደታሰበለት አያሳይም። ስለዚህ መሥፈርቱ አልተሟላም። አንዱ ካልተሟላ ሁሉም አልተሟላም። 18 ሺህ ዶላሩን መልሱ። ይግባኝ አልን፤ ወደቀ። መለስን።

እንግዲህ እዚህ ላይ ነው ክርክሬ። ሲልቨር ስፕሪንግ ካፌ ውስጥ «ኢትዮጵያዊ ስለሆናችሁ ነው» ያለን ሰው ሞልቷል። ውሸት ነው፤ ያው ደብዳቤ ለፈረንጁም ለህንዱም ደርሶታል። «ኦዲት ምን አባቱ» የሚለውንም አልቀበልም። ግምገማው ራሱ ተገቢ ነው፤ እንዲያውም ከማንም በላይ ለእኛ ሰው ተገቢ ነው። እኛ እኮ ማኅበራችን አንድ፣ ቤተ ክርስቲያናችን አንድ፣ ለቅሷችን አንድ ነው። የአንዲት እናት የደም ምርመራ ውጤት ከመሳቢያ ቢወጣ ሰንበት ሳይደርስ ከተማውን ይዞራል። ፈረንጁ መረጃው ቢጠፋበት ባንኩ ነው የሚያሰጋው፤ የእኛው ሰው ጎረቤት ቀና ብሎ ማየት ነው የሚያቅተው። ስለዚህ ጥፋተኛ ነን፤ አጠፋን።

ጥያቄዬ ሌላ ነው። ለመሆኑ 14ቱን ግዴታ አሟልቶ በ15ኛው የወደቀ ሰው ምን ያህሉን ነው ያልሠራው? ተማሪ እንኳ በአንድ ትምህርት ሲወድቅ የሌላው ውጤት አይፋቅበትም። ነርሷ ያመሸችበት፣ በሽተኛው መድኃኒቱን ፋርማሲ ደርሶ ተዘጋጅቶ ያገኘበት፣ ኮምፒዩተሩ «እነዚህ ሁለት መድኃኒቶች አይስማሙም» ብሎ ዶክተርን ያስቆመበት ሥራ ሁሉ እንዳልነበር ተቆጠረ። ምንም ያልሠራና አንድ ወረቀት የጎደለው እኩል መለሱ። ይህ ሂሳብ በየትኛው መዝገብ ነው ሂሳብ የሚባለው?

ሁለተኛ፤ ወረቀቱ ይህን ያህል ውድ ከሆነ ለምን ገንዘቡ ሳይወጣ አልተጠየቀም? መንግሥት በሰው ቃል ከፍሎ ሲያበቃ ነው ማስረጃ የጠየቀው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ! ይህን የምለው እኔ ብቻ አይደለሁም። የዚያው የጤና መሥሪያ ቤት ዋና ኢንስፔክተር ቢሮ እ.ኤ.አ. በጁን 2017 ባወጣው ሪፖርት፣ ከ2011 ሜይ እስከ 2014 ጁን ከተከፈላቸው መካከል 100 ሰዎችን ናሙና ወስዶ ሲመረምር 14ቱ መሥፈርቱን ማሟላታቸውን ማስረዳት አልቻሉም። ከዚያ ተነስቶ ወደ 729 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ገንዘብ ያለአግባብ ወጥቷል ብሎ ገመተ። ምክንያቱንም አልሸሸገም፤ ከፋዩ ክፍል ሰዎች ራሳቸው የሞሉትን ብዙም ሳያገላብጥ ነበር የሚከፍለው። እንግዲህ ከእነዚያ 14 መካከል ስንቱ ሌባ፣ ስንቱ እንደኛ ደብተር ይዞ የቆመ ይሆን? ሪፖርት ላይ ሁሉም አንድ ቁጥር ነው።

ሦስተኛ፤ ሻጮቹስ? ሐኪሙ አንድ ወረቀት ሲጎድለው በሳምንታት ውስጥ ተያዘ። ኢክሊኒካልዎርክስ የተባለው ትልቅ የሶፍትዌር ኩባንያ ግን ማረጋገጫውን ያገኘው አታልሎ ነው ተብሎ፣ ለፈተናው የሚያስፈልጉትን 16 የመድኃኒት ኮዶች ብቻ ሶፍትዌሩ ውስጥ አስገብቶ ነው ያለፈው ተብሎ፣ ከመንግሥት ጋር በ155 ሚሊዮን ዶላር የታረቀው እ.ኤ.አ. በሜይ 2017 ነው። ኩባንያው ጥፋቱን አላመነም። ያም ሆኖ ሐኪሙ የሚገዛው ማረጋገጫውን አምኖ ነው። ፈታኙን ያሳለፈ ዕቃ እንደሆነ ተነግሮት የገዛ ገበሬ፣ በሬው ሲያነክስ ለምን እሱ ይቀጣል?

ውዴታ ነው አትግቡ ነበር የሚል ይኖራል። ውዴታው እስከ 2014 ነበር። ከ2015 ጀምሮ በዚህ ያልተሳተፈ ሐኪም ከሜዲኬር ክፍያው ላይ አንድ በመቶ፣ በማግስቱ ዓመት ሁለት፣ ከዚያ ሦስት ይቆረጥበት ጀመር። ማበረታቻ ብሎ የገባው ቅጣት ሆኖ ተቀመጠ።

ፕሮግራሙ ራሱ ዛሬ የለም። የሜዲኬሩ የሐኪሞች ማበረታቻ በ2016 ሥራ አበቃ፤ የሜዲኬይዱ በ2021 መጨረሻ ተዘጋ። ግን ስሙን ቀይሮ ሚፕስ በሚባለው ከ2017 ጀምሮ ቀጥሏል። እንደ ውጤትህ ክፍያህ እስከ ዘጠኝ በመቶ ሊጨመር ወይ ሊቀነስ ይችላል። የሥጋት ግምገማውን ዛሬም በየዓመቱ ይጠይቃል፤ ወረቀቱም ስድስት ዓመት ይቀመጥ ይላል። ስለዚህ በዚያ አገር ክሊኒክ ላላችሁ ወንድምና እህቶች ሳይቃጠል በቅጠል እላለሁ። የሚመዘገበው ኢሜይል የክሊኒኩ ይሁን፤ የሰው አይሁን። ሪፖርቱ በምትፈርሙበት ዕለት ይታተም፤ ነገ የሚወጣው ሌላ ነው። «አዎ» የምትሉት ሁሉ ፎቶው ከነቀኑ አብሮ ይግባ። ግምገማውን የሻጭ አፍ አይሠራላችሁም፤ ሁለት ሦስት ሰው ሆናችሁ ክፍል ለክፍል እየዞራችሁ ጻፉት፤ ያገኛችሁትን ቀዳዳም መቼ እንደደፈናችሁት ጨምሩበት። ቀዳዳ አለብን ማለት አያስቀጣም፤ አለማየት ነው የሚያስቀጣው።

አገር ቤት ያላችሁ ደግሞ «እኛ ምን አገባን» አትበሉ። ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን እ.ኤ.አ. በ2011 በ13 ወረዳዎች ሲሞከር ነበር የጀመረው፤ ዛሬ አገር አዳርሷል። መድን ከከፈለ ጤና ጣቢያው ላደረገው ሕክምና ማስረጃ መጠየቁ አይቀርም። ያኔ ማን ምን ወረቀት በየትኛው ዕለት መያዝ እንዳለበት ሳይከፈል በፊት ይነገረው፤ አንዲት ካርድ ጠፋች ተብሎም የወሩ ሁሉ አይሰረዝበት። የገጠር ጤና ጣቢያ ይግባኝ የሚል ጠበቃ የለውም።

ዶክተር አሁንም እዚያው ናቸው፤ እኔም። በየዓመቱ ኅዳር ላይ አብረን እየዞርን በእንግሊዝኛ እንጽፋለን፤ ሁለታችንም እንፈርማለን። ባለፈው ፋይል ሲያጸዱ ያቺን የ2005 ደብተር አንስተው «ጋሼ፣ ይቺ ስድስት ዓመቷ ካለፈ ቆየ እኮ፤ ትጣል?» አሉኝ።

ተቀብያቸው መሳቢያዬ ውስጥ ቆለፍኩባት። ቁልፉ አንድ ነው፤ እኔ ጋ።